ከአንድ ኤምዲኤፍ የሚወጣ የጠረጴዛ መጋዝ ቅጥያ፦ ከልኬት እስከ መጀመሪያው ቆረጣ

አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) 244 በ122 ሴንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ገበያ ላይ የምናገኛቸው ተንቀሳቃሽ የጠረጴዛ መጋዞች ደግሞ ከዲስኩ ወዲያ ያላቸው ገጽ ብዙ ጊዜ ከ30 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ታዲያ ያ ሁሉ ክብደት የት ላይ ሊያርፍ ነው? እስከ ግማሹ ድረስ ብዙም ችግር የለም። ግማሹ ካለፈ በኋላ ግን ጣውላው ወደ ማዶ መዝመም ይጀምራል። ቆራጩ ያንን ለመመለስ የያዘውን ጫፍ ወደ ታች ይጫናል፤ ሲጫን መስመሩን ይስታል፤ የተሰነጠቀው እንጨት ዲስኩን ይነክሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መጋዝ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ዕድል ከቀናው ጠርዙ ተቃጥሎ ይወጣል፤ ካልቀናው ዲስኩ ጣውላውን አንስቶ ወደ ሰውየው ይወረውረዋል።

በብዙ ወርክሾፖች መፍትሔው ረዳት ማቆም ነው። ልጁ ማዶ ቆሞ ይቀበላል። ችግሩ፣ የሚቀበል እጅ መደገፍ ብቻ ሳይሆን መሳብም ይቀናዋል። ትንሽ ወደ ጎን ከሳበ ጣውላው ከመሪው (ተጠግቶ ከሚሄድበት ቀጥ ያለ ዘንግ) ይላቀቃል፤ አደጋው የሚደርሰው ግን በገፊው ላይ ነው። ባለ ሮለር መቆሚያም አለ፤ እሱም ከቆረጣው አቅጣጫ ጋር በትክክል ካልተገጣጠመ ጣውላውን ቀስ እያለ ወደ ጎን ይነዳዋል። ከመጋዙ ጋር የሚቀጠል ጠረጴዛ፣ ማለት ቅጥያ፣ ግን አይስብም፣ አይነዳም። ስለዚህ ለመጋዝ ከሚወጣ ተጨማሪ ገንዘብ ሁሉ መጀመሪያ ለቅጥያ የሚወጣው ይቅደም እላለሁ።

ቅጥያ ሁለት ዓይነት ነው። የኋላው ተቆርጦ የሚወጣውን ይቀበላል፤ የጎኑ ሰፊ ጣውላ ሲሰነጠቅ ከመሪው በኩል ይደግፋል። የኋላው ከመጋዙ ገጽ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። የጎኑ ግን ዝቅም ከፍም ሳይል እኩል መሆን አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የኋላው በአንድ ፀጉር እንኳ ከፍ ካለ የጣውላው አፍንጫ ጠርዙን ገጭቶ ይቆማል፣ ያውም ዲስኩ እየዞረ። የጎኑ ዝቅ ካለ ደግሞ ጣውላው ስለሚያዘነብል የተቆረጠው ጠርዝ ቀጥ ያለ ማዕዘን አይኖረውም። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን በራሱ መንገድ ቢሠራውም ያምርለታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ገጹም አጥንቱም (ገጹን የሚሸከመው ፍሬም) ከአንድ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ይወጣል። በሁለቱም ፊቱ ላሚኔት የሆነውን ይምረጡ። ዋጋው ከፍ ቢልም ፎርማይካ ገዝቶ በማስቲሽ ከመለጠፍ ያድናል። በዚያ ላይ አንድ ፊቱ ብቻ የተለበጠ ጣውላ እርጥበት የሚገባውና የሚወጣው በአንድ በኩል ስለሆነ ውሎ አድሮ ይጎብጣል። ቺፑድ ርካሽ ነው፤ ግን ጠርዙ ብሎን አይዝም። ፕላይውድ ለአጥንት በጣም ጥሩ ነው፤ ለገጽ ግን ብዙውን ጊዜ ተጣሞ ስለሚመጣ አልመክረውም።

ለእግር 5 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ4 ሜትር ሞራሌ ሁለት ይበቃል። እርጥብ ባሕር ዛፍ አይግዙ፤ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ እግሩ ሲጠማዘዝ ገጹም ይከተለዋል። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ሞራሌ ካገኙ ከአዲሱ ይሻላል፤ የሚጠማዘዘውን ያህል ተጠማዝዞ ጨርሷል። ብቻ ከመቁረጥዎ በፊት ሚስማሩን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ አንዲት የተረሳች ሚስማር የዲስኩን ጥርስ ትበላለች።

ከብረቱ በኩል፦ 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት ባለ 10 (ውፍረታቸው 10 ሚሊ ሜትር የሆነ) ቡሎኖች ከስምንት ዳዶ ጋር፣ 9 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ስምንት ባለ 8 ቡሎኖች ከዳዶና ሮንዴላ ጋር፣ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት የብረት ቁራጮች (ውፍረታቸው 5 ሚሊ ሜትር)፣ ለጎኑ ቅጥያ ደግሞ 40 በ40 ሚሊ ሜትር አንግል ብረት 1.5 ሜትር ያህል። አዲስ አበባ ያለ ሰው አንግሉንና ቁራጩን ምን አለሽ ተራ ዞር ዞር ቢል ያገኘዋል። ከዚህ ሌላ ባለ 4 በ50 ሚሊ ሜትር የእንጨት ብሎን፣ ነጭ ኮላና ጥቂት ትናንሽ ባለ ማዕዘን ማያያዣ ብረቶች።

መሣሪያው የተለመደው ነው፦ ሜትር፣ ስኳድራ፣ ውሃ ልክ፣ ትራፓኖ፣ ጂግሶ፣ ሁለት ሞርሳ። ብየዳው ትንሽ ስለሆነ ሰፈር ያለ በያጅ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ግን የግድ ነው፤ ቀጥ ያለ ረጅም ማስተያያ። በሮችና መስኮቶች ከሚሠሩ የአሉሚኒየም ባለሙያዎች 1.5 ሜትር ያህል የተረፈ ፕሮፋይል ይጠይቁ። ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ንጹሕ ጣውላ ላይ አስቀምጠው በቀጭን እርሳስ ጠርዙን ተከትለው ያስምሩ። ከዚያ ፕሮፋይሉን ገልብጠው በዚያው ጠርዝ፣ በዚያው መስመር ላይ ደግመው ያስምሩ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ከሆኑ ቀጥ ያለ ነው። መሐላቸው ላይ ክፍተት ከታየ ሌላ ይፈልጉ።

1. መጀመሪያ መጋዙን

ሶኬቱን ይንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ገመዱ ከግድግዳው ወጥቶ ይቆይ።

መጋዙ የሚቆምበትን ቦታ ይወስኑ። የወርክሾፕ ወለል ብዙ ጊዜ ወጣ ገባ ነው። መጋዙ በአንድ ሜትር ከተገፋ ከፍታው ይለወጣል፤ ያስተካከሉት ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ በውሃ ልክ አስተካክለው ያቁሙትና እግሮቹ ያረፉበትን ዙሪያ በቀለም ምልክት ያድርጉ።

አሁን የመጋዙን ገጽ ከፍታ ከወለል ይለኩ። እዚህ ለምሳሌ 86 ሴንቲ ሜትር ብለን እንያዝ፤ የእርስዎ ሌላ ከሆነ ልዩነቱን እግሩ ላይ ይደምሩ ወይም ይቀንሱ።

የመጋዙን ጀርባ በደንብ ይመልከቱ። ዲስኩን እስከ 45 ዲግሪ ያጋድሉት፤ ሞተሩ ወጥቶ የሚደርስበትን ይዩ። የአቧራ መውጫው የት ነው? መሪው ከኋላም የሚቆለፍ ከሆነ ጫፉ ከገጹ ምን ያህል ይወጣል? የኋላ ቅጥያው ለእነዚህ ሁሉ ቦታ መልቀቅ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ በመጋዙና በቅጥያው መካከል ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ ቀጫጭን ቁራጭ እየገባ ይሰነቀራል።

2. ማስቆረጥ

ቅጥያ የሌለው መጋዝ ላይ ለቅጥያ የሚሆን ሙሉ ጣውላ መቁረጥ የሚያስቅ ነገር ነው። ኤምዲኤፍ የሚሸጡ ብዙ ቤቶች መቁረጫ ማሽን አላቸው፤ እዚያው ያስቆርጡት። ልኩን በወረቀት ጽፈው ይውሰዱ፦

ከ244ቱ ርዝመት መጀመሪያ 80 ሴንቲ ሜትር ይነሣና ስፋቱ 110 ተደርጎ ይቆረጣል፤ ይህ የኋላው ገጽ ነው። የሚተርፈው 164 በ122 ነው። ከዚያ በ164ቱ ርዝመት 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ዘንጎች ይሰነጠቁ። ሁለቱ ዘንጎች እያንዳንዳቸው 106 ሴንቲ ሜትር፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለሁለት 72.4 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣሉ። ዲስኩ በየቆረጣው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚበላ የሚተርፈው ትልቅ ቁራጭ 164 በ80 ያህል ይሆናል። የጎኑ ቅጥያ የሚወጣው ከሱ ስለሆነ ይዘውት ይሂዱ።

3. አጥንቱ

ሁለቱ ባለ 106 ዘንጎች ፊትና ኋላ፣ አራቱ ባለ 72.4 በመካከላቸው ተሻጋሪ ይሆናሉ፤ ሁለቱ ዳር፣ ሁለቱ መሐል። ሲገጠም 106 በ76 የሆነ ፍሬም ይወጣል፤ ገጹ በሁሉም በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ይተርፈዋል።

የኤምዲኤፍ ጠርዝ ብሎን ሲገባበት ይሰነጠቃል። በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ አስቀድመው ይብሱ፤ ከጫፍ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይራቁ፤ ኮላ ቀብተው ሳይደርቅ ብሎኑን ያጥብቁ፤ ሲይዝ ያቁሙ። ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ውስጡን አድቅቆ ባዶውን ይዞራል።

ኮላው ሳይደርቅ ሁለቱን ሰያፍ ማዕዘኖች ይለኩ፤ እኩል እስኪሆኑ ፍሬሙን ገፋ ገፋ ያድርጉት። ቀጥሎ መጠማዘዙን በሲባጎ ይፈትሹ። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሰያፉ ማዕዘን አንድ ሲባጎ ወጥረው ያስሩ፤ ሌላውን በሌላው ሰያፍ ላይ ይወጥሩ። መሐል ላይ ሲገናኙ ልክ መነካካት አለባቸው። ከተራራቁ ፍሬሙ ተጣሟል። የላይኛው የታችኛውን ተጭኖት እንደሆነም ዓይን ላያየው ስለሚችል የታችኛውን ፈትተው ከላይ በማድረግ ይድገሙት። በሁለቱም መንገድ ልክ ከተነካኩ ኮላው እስኪደርቅ አይንኩት።

4. እግሮቹ

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከ86 ሴንቲ ሜትር ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ለዝቅታው፣ 18 ሚሊ ሜትር ለገጹ ውፍረት፣ 40 ሚሊ ሜትር ደግሞ ለሚስተካከለው ጫማ ይቀነሳል። የሚተርፈው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አራት እግሮች ከአንዱ ሞራሌ ይወጣሉ፤ ትርፉም ይቆይ፣ ለማጠናከሪያ ይሆናል።

ጫማው እንዲህ ይሠራል፦ የብረት ቁራጩ መሐል በ11 ሚሊ ሜትር ይበሳና አንድ ዳዶ ቀዳዳው ላይ ይበየዳል። ዳዶው ወደ ወለሉ በኩል ሆኖ ብረቱ በሁለት ብሎን ከእግሩ ግርጌ ጋር ይታሰራል። እግሩ ራሱ ከሥሩ በ12 ሚሊ ሜትር ፑንታ 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይበሳል፤ ቡሎኑ ገብቶ የሚደበቅበት ነው። ቡሎኑ ከሥር ይገባል፣ ራሱ ወለሉ ላይ ያርፋል፣ በ17 ቁልፍ ይዞራል። ሁለተኛው ዳዶ መቆለፊያ ነው። የባለ 10 ቡሎን ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ሙሉ ዙር ጠረጴዛውን በዚያው ልክ ያነሣል፤ ሩብ ዙር 0.4 ያህል ነው። በእንጨት ሽብልቅ ይህን ያህል ማስተካከል አይቻልም።

እግሮቹ በፍሬሙ አራት ውስጠኛ ማዕዘኖች ይቆማሉ፤ ከረጅሙ ዘንግ በኩል እያንዳንዳቸው በሁለት ባለ 8 ቡሎን ይታሰራሉ። በኮላ አያጣብቋቸው፤ ቤት ሲቀየር መፍታት ያስፈልጋል። ከሁለተኛው ሞራሌ በሁለቱ ጎንና በኋላ በኩል ከታች ማገናኛ ይምቱ። ከፊት በኩል፣ ማለት ከመጋዙ ጋር በሚፋጠጠው፣ አያስፈልግም፤ የአቧራ ቱቦውና መጥረጊያው የሚገቡት በዚያ ነው።

5. ገጹ

ከላይ ብሎን አይምቱ። በትናንሾቹ ማያያዣ ብረቶች ከሥር ይታሰር፤ ብሎኑ ከ15 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ። አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ ማስተያያውን ገጹ ላይ አጋድመው ከማዶ የስልክዎን መብራት ያብሩ። ብርሃን የሚያሳልፍበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። በዚያ በኩል ብሎኑን ላላ አድርገው በፍሬሙና በገጹ መሐል ወረቀት ያስገቡ። አንድ ተራ የኤ4 ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስንት እንዳስገቡ መቁጠር ራሱ ልኬት ነው።

ከመጋዙ ጋር የሚፋጠጠውን የላይኛውን ጠርዝ በመላጊያ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ያጋድሉት፤ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። የሚመጣ ጣውላ ትንሽ ቢያጎነብስ እንኳ ሳይገጭ ተንሸራቶ ይወጣል።

የመጋዝዎ ገጽ ላይ የማዕዘን መሪው (እንጨት በማዕዘን ሲቆረጥ የሚገፋበት ተንሸራታች) የሚሄድባቸው ሁለት ቦዮች አሉ። ቅጥያው ላይ ካልቀጠሉ የመሪው ዘንግ ጠርዙን መትቶ ይቆማል። ቦዮቹ ብዙ ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው፤ ቅጥያው ላይ ግን 30 ሚሊ ሜትር ያድርጓቸው፤ እዚህ ልቅ መሆናቸው ምንም አይጎዳም። ራውተር ካለዎት 12 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። ከሌለዎት በጂግሶ ገጹን ሙሉ በሙሉ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ድረስ ይቁረጡትና ከሥር ቁራጭ ለጥፈው ይዝጉት። ቦታውን ለማግኘት ቅጥያውን መጋዙ ጀርባ አቁመው ማስተያያውን ከቦዩ ጠርዝ ጋር አስጠግተው ያስምሩ። በሜትር መለካት እዚህ ጋ ያሳስታል።

6. ከፍታውን ማስተካከል

ቅጥያውን በቦታው ያቁሙ። ማስተያያውን ግማሹን በመጋዙ ገጽ፣ ግማሹን ከቅጥያው በላይ አድርገው ያጋድሙ። አሁን ሁለት የኤቲኤም ካርድ ያውጡ። የአንዱ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተደራርበው 1.5 ይሆናሉ። ካርዶቹን ከማስተያያው ሥር፣ ቅጥያው ላይ ያስገቡ። ሳይጨነቁ፣ ግን እየታከኩ የሚያልፉ ከሆነ ከፍታው ልክ ነው። በሰፊው ከገቡ ጫማውን አንድ ሩብ ዙር ከፍ፣ ካልገቡ ዝቅ። ከመጋዙ አጠገብ ያሉትን ሁለት እግሮች አስቀድመው ይጨርሱ፤ ከዚያ የማዶዎቹን። በሦስት ቦታ ይለኩ፤ በግራ፣ በመሐል፣ በቀኝ። ሁሉም ሲስማማ መቆለፊያ ዳዶውን ያጥብቁና አንዴ ደግመው ይለኩ፤ ዳዶ ሲጠብቅ ቡሎኑን ትንሽ ይዞ ይዞራል።

ቦታ የሚያጥራቸው ሰዎች ቅጥያው ታጥፎ መጋዙ ጀርባ ላይ እንዲንጠለጠል ይፈልጋሉ። በከባድ ብረት ለተበየደ መጋዝ ይሆናል። ለተንቀሳቃሹ ግን አልመክርም፤ መጋዙ ራሱ ቀላል ስለሆነ ጣውላው ማዶ ሲደርስ ጠቅላላውን ወደ ኋላ ሊያዘመው ይችላል።

7. የጎኑ ቅጥያ

ከተረፈው ቁራጭ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ርዝመቱ ከመጋዙ ገጽ ጋር ፊትና ኋላው እኩል የሆነ ይቆረጣል። እኩልነቱ ለውበት አይደለም፤ መሪው የሚታሰረው በእነዚያ ጠርዞች ላይ ነው።

እዚሁ ሀገር ውስጥ ተበይዶ ለተሠራ መጋዝ አንግሉን ከጎኑ አካል ጋር በቡሎን ያስሩ። የአንግሉ ቀዳዳዎች ክብ ሳይሆኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያላውሱ ረዣዥም ይሁኑ፤ ስፋታቸው 9፣ ርዝመታቸው 20 ሚሊ ሜትር። ቆራጩ ጎን አንድ፣ ማዶ አንድ ቡሎን ቢያንስ። የመጋዙን ገጽ ላሜራ ራሱን አያስበይዱ፤ የብየዳ ሙቀት ላሜራውን ያጣምመዋል፣ ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ ቆረጣ አይገኝም። የውጭው ጫፍ ባለ ጫማ እግር ወይም ወደ መጋዙ እግር የሚወርድ ሰያፍ ድጋፍ ይኑረው። ተንቀሳቃሽ መጋዝ ከሆነ ገጹን አይብሱ፤ የጎኑም ቅጥያ እንደ ኋላው በራሱ እግር ቆሞ ይጠጋ።

ማስተካከያው ከኋላው የተለየ ነው። ቡሎኖቹ ላላ ብለው ሳለ ማስተያያውን በመጋዙ ገጽ ላይ በሞርሳ ያስሩ፤ ከዚያ ቅጥያውን ከሥር ወደ ላይ ገፍተው ከማስተያያው ጋር በሌላ ሞርሳ ያጣብቁት። በዚህ ሁኔታ ሁለቱ ገጾች የግድ አንድ ይሆናሉ። ቡሎኖቹን የሚያጠብቁት ሞርሳው ሳይፈታ ነው። ፊት ለፊት በኩል ሲጨርሱ በጀርባው በኩል ይድገሙት። ሞርሳው ሲፈታ በመገጣጠሚያው ላይ ጥፍርዎን ያሳልፉ። አንዱ ጠርዝ ጥፍር ከያዘ ገና ነው።

መሪውን አዲሱ ገጽ ላይ ወስደው ያስሩትና ከዲስኩ ጋር ያለውን ርቀት ይለኩ። አንድ ጥርስ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ያንኑ ጥርስ ወደ ፊት አዙረው ይለኩ፣ ወደ ኋላ አዙረው ይለኩ። እኩል ይሁን። የኋላው እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ይፈቀዳል፤ ቢጠብ ግን አይፈቀድም፤ እንጨቱን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው እሱ ነው።

8. ሙከራ

ሶኬቱን ሳይሰኩ፣ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ዝቅ አድርገው አንድ ትልቅ ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይግፉ። የሚገጭ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያቃስት ቦታ ካለ አሁን ይታወቃል። ገጹን በነጭ ሻማ ፈግፍገው በጨርቅ ቢወለውሉት በደንብ ይንሸራተታል። ዘይት ወይም ግራሶ አይቀቡ፤ እንጨቱ ጠጥቶት ቫርኒሽ አልይዝ ይላል።

ከዚያ ይሰኩ። ዲስኩ ከእንጨቱ በላይ በአንድ ጥርስ ያህል ይውጣ። ከዲስኩ ጀርባ ያለችውን ስንጥቁን የምታላቅቅ ምላስ አይንቀሉ። ከዲስኩ ትይዩ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይቁሙ፤ የኤምዲኤፍ አቧራ ደቃቅ ስለሆነ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ረዳት ካለ ጎን ቆሞ ያለቀውን ያንሣ እንጂ ማዶ ሆኖ አይሳብ።

መብራት በመሐል ከሄደ መጀመሪያ ማብሪያውን ያጥፉ፣ ከዚያ ዲስኩ እስኪቆም ጠብቀው ጣውላውን ያውጡ። ተራ ማብሪያ የተገጠመለት መጋዝ መብራት ሲመጣ ብቻውን ይነሣል፤ ያኔ ቅጥያው ላይ የተጋደመ ጣውላ ዲስኩ ውስጥ ካለ መወርወሩ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ

ከክረምት በኋላ ካርዶቹን አውጥተው ከፍታውን እንደገና ይለኩ። ያልተለበጠ የኤምዲኤፍ ጠርዝ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በተለይ የቦዮቹና የፊተኛው ጠርዝ። ገና ሲሠራ ሁለት እጅ ቫርኒሽ ቢቀቡት ይህ ይቀንሳል። የእግሮቹን ቡሎኖችም በየጊዜው ጠበቅ ያድርጉ፤ የመጋዝ ንዝረት ያላላቸዋል።

እንደ ማንኛውም ወርክሾፕ ከሆነ ቅጥያው በሳምንቱ የኮላ ቆርቆሮ፣ የሻይ ብርጭቆና የቁራጭ ማከማቻ ይሆናል። ይህን መከልከል ከንቱ ድካም ነው። ከሥሩ ባለው ማገናኛ ላይ አንድ ትርፍ ጣውላ አጋድመው መደርደሪያ ይሥሩለት፤ ዕቃው ወደዚያ ይወርዳል፣ ክብደቱም ጠረጴዛውን ከወለሉ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል።